ያልተነፈሰው ጎማ

ዛሬ በጎሚስታው ደጃፍ ሳልፍ የማስቲሽ ሽታ አባቴን አስታወሰኝ። እዚሁ ቦንጋ ሲያስተምር የሚመላለሰው በሳይክል ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲገባ፣ ሳይክሉን እየገፋ ዳገቱን መውጣት አበዛ። እናቴ ስትጠይቀው «ጎማ ተነፈሰብኝ» ይላታል።

አንድ ቀን ካላማዳሪያውን ከጎማው ውስጥ አውጥቶ ነፋና ሳፋ ውሃ ውስጥ ነከረው። አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አረፋ ጠበቅሁ፤ ምንም አልወጣም።

«አባዬ፣ ቀዳዳ የለውም እኮ።»

በእርጥብ እጁ ደረቱን ያዘ። «ጎማውስ ደህና ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። እናቴ ብቅ ስትል ደህናው ላስቲክ ላይ ማስቲሽ ቀብቶ ለጠፈበት። እኔም ቀዳዳ እንደሌለው አልነገርኳትም። መስቀልን ሳያይ ሞተ።

ዛሬ እኔም ያንኑ ዳገት ሳይክሌን እየገፋሁ ስወጣ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር፣ «ጎማ ተነፈሰብሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ቆም ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩና «አዎ» አልኳቸው።