የዳልማሲያ ካብ

ጉማንጋን ከወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ሳንባውን ታሞ የተመለሰ ጊዜ፣ ሚስቱ ዳልማሲያ አልጋውን መስኮቱ ሥር አደረገችለት። ከመስኮቱ ማዶ የመንደራችን የሩዝ እርከኖች ከተራራው ወገብ እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። የእነሱ እርከን ግን እሱ በሌለበት በዐውሎ ነፋስ ካቡ ተደርምሶ፣ ውሃው ሸሽቶት፣ ሣር ወርሶታል።

ጉማንጋን ያን ሲያይ ሰነበተና "አልጋውን ወዲያ አዙሪልኝ" አላት።

አላዞረችለትም። በማግሥቱ ቀሚሷን ሰብስባ አስራ ወረደችና የተበተነውን ድንጋይ ትለቅም ጀመር። በእኛ ዘንድ ዘር መምረጥ የሴት፣ ካብ መካብ የወንድ ሥራ ነው። ጎረቤታችን ባሊንግ አይቷት በሽሙጥ ጠየቃት።

"እትዬ ዳልማሲያ፣ ደግሞ ካብ ካቢ ሆንሽ?"

"ካቢውስ ቤት ተኝቷል። እኔ ተሸካሚዋ ነኝ።"

ጉማንጋን ይህን ከመስኮቱ ሰምቶ ኖሮ፣ ከሰዓት በኋላ በምርኩዝ እያረፈ ወረደ። እሷ ታነሳለች፣ እሱ ተቀምጦ ያዛል።

"ገልብጪው። ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን።"

"ፊቱ የቱ ነው? ሁሉም ጀርባ ነው የሚመስለኝ።"

"እኔንም ስታገቢኝ እንዲሁ ግራ ገብቶሽ ነበር።"

ከታመመ ወዲህ ስትስቅ የሰማናት ያኔ ነው።

ካቡ ደረቷ ድረስ እንደደረሰ ከባድ ዝናብ ጣለና ግማሹን ይዞት ወረደ። ዳልማሲያ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ጉማንጋን አጠገቧ ደርሶ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቆ፣ "የውሃ መውጫ እንድትተዪ አልነገርኩሽም። ጉድጓድ ውስጥ ቆይቼ ረስቼው ነው" አላት። ጭቃውን ከፊቷ ላይ በእጁ ጠረገላት።

ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ጠዋት ባሊንግ ወንድሞቹን አስከትሎ መጣ፤ ትልቁንም ድንጋይ ትከሻው ላይ አወጣ። በደቦ ተካበ። ዳልማሲያ የጥንቱን የሩዝ ዘር ከአክስቷ ለምና አመጣች፤ ራሷ ዘንድ የነበረው ከገበያ ሩዝ መብላት ከጀመረች ወዲህ ጠፍቶ ነበር። ውሃው እርከኑ ላይ ሲተኛ ቀንድ አውጣው ተመለሰ፤ እንቁራሪቶቹም ይንጫጩ ጀመር። ጉማንጋን እንቅልፍ እንደነሱት እያማረረ፣ መስኮቱን ግን አያስዘጋም።

አዲሱን ሩዝ ያለ ወጥ አቀረበችለት።

"ከገበያው ይሻላል?"

"ዝም በይ እስቲ፣ ልብላበት።"

ከሁለተኛው ተከላ በፊት ዐረፈ። ሐዘኑ ሳይወጣ ችግኙ ደረሰ። እኛ ሴቶቹ "አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ እንተክልልሻለን" ብንላት እምቢ ብላ ጭቃው ውስጥ ገባች። እጇ ቀርፋፋ ሆኖ ነበር። እኛም ግራና ቀኟን ይዘን ተሰለፍን፤ እሷ አንድ ስትተክል አንድ እየተከልን፣ ማንም ሳይቀድማት እርከኑን ዳር አደረስነው።