ማዕበሉ ሳይደርስ ዮርክ ላይ

ጸሃይነሽ ወንድሟን ወልደንኪኤልን ካየችው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል። እሷ ከአዲስ አበባ ወጥታ ለንደን ከገባች በኋላ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መጣና እሱና እናታቸው ኤርትራውያን ናችሁ ተብለው ወደ አስመራ ተባረሩ። እናታቸው እዚያው አረፉ። እሱ ድንበር አቋርጦ ካምፓላ ገባ፤ የመኪና ዕቃ መሸጫም ከፈተ። የእንግሊዝ ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከለከለ። በሦስተኛው፣ ልጁ ፍልሞና ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንበራ ላይ ስትወልድ፣ ለሕፃኑ ክርስትና ተፈቀደለት። ሱቁን ዘግቶ መቆየት የቻለው ግን ስድስት ቀን ብቻ ነው።

ጸሃይነሽ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ የአካባቢው አስተዳደር በሰጣት ቤት አራተኛ ፎቅ፣ ብቻዋን ትኖራለች። ሃያ ዓመት የተማሪዎች ምሳ ስታበስል ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም። በስልክ ሲጠይቃት፣ «ጉልበቴን ትንሽ ነው የሚያመኝ» ትለው ነበር።

ሐሙስ እጥበት ስለሌላት በጠዋት ባቡር ኤድንበራ ሄዳ ማታውኑ ልትመለስ ትኬት ቆርጣ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ከማሽኑ ጋር ተያይዛ ተኝታ ሳለ፣ ነርሷ ፊርደውስ መጣች። ፊርደውስ ለንደን የተወለደች፣ አማርኛዋን ከእናቷ የተማረች ልጅ ናት።

«እማማ ጸሃይ፣ ዌዘሩን ቼክ አድርገዋል?»

«ምን አለ?»

«ነገ ከንጋት ጀምሮ ስቶርም ይገባል እያሉ ነው። ከኒውካስል ወደ ሰሜን በረዶ፣ ከባድ ንፋስ። የነገ ባቡሮች በሙሉ ካንስል ተደርገዋል። እስከ ዓርብ ማታ አትጓዙ ነው የሚለው።»

ወልደንኪኤል የሚሳፈረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጸሃይነሽ ጣሪያውን አየች። ደሟ በቱቦው ውስጥ ሄዶ ይመለሳል።

«ዛሬስ?» አለች።

«ዛሬ ይሄዳሉ። የነገ ትኬት የያዘ ዛሬ መጠቀም ይችላል ይላል። ግን ዛሬ ሄደው ነገ በምን ይመለሳሉ? ዓርብ እጥበትዎ ነው። እማማ፣ ባለፈው አንዴ ሲያመልጥዎ የሆነውን ያውቁታል።»

ታውቀዋለች። ትንፋሽ አጥሯት በአምቡላንስ ነበር የመጣችው። ባልተያዘው እጇ ስልኳን አንስታ ፍልሞና ጋ ደወለች፤ እንደማትመጣ ልትነግራት። ገና ሳትጨርስ ከወዲያ በኩል «ስጪኝ፣ ስጪኝ» የሚል የወንድሟ ድምፅ ተሰማ።

«ጸሃይ፣ በአንቺና በእኔ መሃል ያለው ከተማ ማን ይባላል?»

«ዮርክ ነው መሰለኝ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ዮርክ ነይ። እኔም እመጣለሁ።»

«ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ ብርድ...»

«ብርዱን ለእኔ ተይው» አለና ዘጋው።

በሰባት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ታላቅን አንቱ እንድትል ስላሳደጓት ሌላ ነገር ብላው አታውቅም።

ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ከማዕበሉ በፊት መድረስ በሚፈልግ ሰው ተጨናንቋል። ከእጥበት በኋላ ሁልጊዜ እንደሚሆነው ጭንቅላቷን ሲያዞራት ባቡሩ ውስጥ አንዲት ሴት ወንበሯን ለቀቀችላት። በመስኮቱ ሜዳው ሲያልፍ ታያለች፤ ወደ ሰሜን ሰማዩ እየጠቆረ ሄዷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዮርክ ወረደች። የእሱ ባቡር ግን ሃምሳ ደቂቃ ዘግይቷል። የእሷ መመለሻ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የጣቢያው ሠራተኞች ወደሚሞቀው ክፍል ግቢ ቢሏትም እምቢ ብላ ሐዲዱ ዳር ቆመች።

ባቡሩ ደርሶ ሰው ሲወርድ፣ ዓይኗ ረጅም፣ ፀጉሩ ያልሳሳ፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ይፈልጋል። የሰው ካፖርት ያጠለቀ፣ ከዘራ የያዘ፣ ጎብጦ ያጠረ ሽማግሌ በአጠገቧ አለፈ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው ያወቀችው።

«ወንድም ጋሼ!»

ዞረ። ለአፍታ ተመለከታት፣ ከዚያ ከዘራውን ጥሎ አቀፋት።

«ከሳህ» አለችው ደረቱ ላይ ሆና። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?»

በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። አንዳቸውም አላረሙትም።

ጣቢያው ውስጥ ካለችው ካፌ ተቀመጡ። በትልልቅ ኩባያ ሻይ አመጣ። እሷ ሁለቴ ጎንጨት ብላ ተወችው፤ እጥበት የሚያደርግ ሰው የሚጠጣው በልክ ነው። ካፖርቷን ስታወልቅ ክንዷ ላይ ያለውን ፋሻ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ነገረችው። እሱ ኩባያውን እያሽከረከረ ሰማት።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? ካምፓላ ተቀምጠህ እንቅልፍ ከማጣት በቀር?»

«እንቅልፍ አጣ ነበራ» አለ። «ወንድም ምን ይሠራል?»

ሰዓቷን አየች፤ አርባ ደቂቃ ቀርቷል። ዓመታት ሙሉ በስልክ ልትጠይቀው እየጀመረች የምትተወውን ጠየቀችው።

«እማዬ ስትሞት ጠራችኝ?»

ወልደንኪኤል ኩባያውን ገፋ አደረገ።

«አንቺ እዚያው ያለሽ ነበር የሚመስላት። ነገር ከተምታታባት በኋላ እኔን ነው ጸሃይነሽ የምትለኝ። ጸሃይነሽ ውሃ ስጪኝ፣ ጸሃይነሽ በሩን ዝጊው። መጀመሪያ እኔ ልጅሽ ወልደንኪኤል ነኝ እላት ነበር። ታለቅሳለች። ከዚያ ተውኩት። አራት ወር ጸሃይነሽ ስትል አቤት አልኳት። የሞተች ቀን ጸጉሬን ዳሰሰችና፣ መጣሽልኝ አለችኝ። መጥቻለሁ አልኳት።»

ጸሃይነሽ ሁለት እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱ ጀርባዋን ይዳብሳል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ወንበሯን ልፈልግላት ብሎ ተከትሏት ባቡሩ ውስጥ ገባ። አስቀምጧት አልወርድ አለ።

«ውረድ እንጂ! በሩ ይዘጋብሃል!»

«ቢዘጋስ?» አለ። ሳቅ የለበትም።

የባቡሩ ሠራተኛ መጥታ በትህትና ክንዱን ይዛ አወረደችው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጸሃይነሽ አንገቷን አስግጋ ብታይም በሰው ተከልሎባት አላገኘችውም።

ማዕበሉ እንደተባለው ገባ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መስኮቷ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ወልደንኪኤል ቅዳሜ ለአምስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ በረረ፤ ከኤርፖርት ሲደውል ስለ ሕፃኑና ስለ በረዶው ብቻ ነበር ያወራው። እሱ ከመሄዱ በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ ፊርደውስ መርፌውን እያስገባች፣ «አገኟቸው? ደስ አለዎት?» ስትላት ጸሃይነሽ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች።

«ድሮ የሚናፍቀኝ ድምፁ ነበር» አለች። «አሁን እጁም ይናፍቀኛል፣ አረማመዱም። ብሶብኛል፣ ልጄ።»

ከዚያም፣ ካምፓላ ላይ እጥበት የሚያደርግ ሆስፒታል ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻት። ፊርደውስ ቼክ አደርግልዎታለሁ አለቻት።