ነሐሴ ላይ የጠፋችው አንድ ሰዓት

ታክ ዎንሺክ በጉርዮንግፖ ወደብ ሰላሳ ሦስት ዓመት ሳይንስ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኩዮቹ ጡረታ ሲወጡ የዓሣ መንጠቆ ገዝተው ባሕሩ ዳር ተኮለኮሉ፤ እሱ ግን ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ የሚያሰላ የኮምፒውተር ኮድ መጻፍ ያዘ። ቦታና ቀን ይሰጡታል፣ ሰዓት ይመልሳል፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ማንም በነጻ እንዲወስደው፣ የፈለገም እንዲያርመው ኢንተርኔት ላይ አኖረው። ሰውም ወሰደ። የአዲስ ዓመቷን የመጀመሪያ ፀሐይ ለማየት ወደ ባሕር የሚጎርፉት፣ ጀልባ የሚያከራዩት፣ ፎቶ አንሺዎቹ የዎንሺክን ስሌት ስልካቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ፤ ስሙን ግን አንዳቸውም አያውቁትም። ይህም ደስ ይለው ነበር።

ነገሩን ያስጀመረችው ሚስቱ ኦክቡን ናት። በብርዱ ወራት ዓሣ እንጨት ላይ ሰቅላ በባሕር ንፋስ ታደርቅ ነበርና፣ ፀሐይ እንዳትቀድማት «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» እያለች ትነዘንዘዋለች። ኮዱ ሲያልቅ ዎንሺክ ለመፈተኛ ያስገባው የመጀመሪያው ቀን የልጁ የሶራ ልደት ነው። ሶራ ኦሎምፒክ በአገራቸው በተዘጋጀበት ዓመት፣ በነሐሴ፣ ልክ ፀሐይዋ ብቅ ስትል እዚሁ ቤት ውስጥ ነው የተወለደችው። ኮዱ ፀሐይዋ የወጣችው ለአስራ ሁለት አስር ጉዳይ ነው አለ። ኦክቡን ግን ከወለደች ጀምሮ የምትናገረው ሌላ ነበር፤ ፀሐይዋ ስትወጣ የግድግዳው ሰዓት ለአንድ አስር ጉዳይ ይላል፣ በዓይኔ አይቻለሁ ትላለች።

«በምጥ ዓይን ነው ያየሽው» ይላታል ዎንሺክ። «ፀሐይ አትዋሽም።»

ጎረቤት ሲሰበሰብ ሳይቀር ያሾፍባት ነበር፤ ሶራም አብራ ትስቃለች። ኦክቡን ካረፈች አራት ዓመት ሆናት።

ሶራ ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ኢንሱ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደው ሊጋቡ አዳራሽ ይዘዋል። እንደ አገሩ ደንብ የኢንሱ እናት የሁለቱን የልደት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ይዛ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄደች። ሶራ ሰዓቷን ስትጠየቅ «ፀሐይ ስትወጣ ነው» ብላ ነበር። ኮከብ ቆጣሪ ዛሬ መጽሐፍ አይገልጥም፤ ቀኑን ኮምፒውተሩ ላይ መታ፣ «ፀሐይ መውጫ» የሚለውን ነካ፣ ሶራም በነብር ሰዓት የተወለደች ሆና ወጣች፤ በአገሩ ቆጠራ ቀንና ሌሊቱ አሥራ ሁለት ቦታ ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል በእንስሳ ይጠራል። ቀጣዩ የጥንቸል ሰዓት ቢሆንላት ጥሩ ነበር። ነብር ከኢንሱ ልደት ጋር ሲገጥም ግን ባሏን ያለ ዕድሜው የምትቀብር ሴት ናት ተባለ። የኢንሱ እናት ባሏን በአርባ አንድ ዓመቱ ባሕር የበላባት፣ አንድ ልጅ ብቻ የቀራት ሴት ናት። ሠርጉ ይቅር አለች።

ዎንሺክ ሲሰማ ሳቀ፤ ኮከብ ቆጣሪው የሰጠውን ወረቀት አምጪው አላት ሶራን። ከወረቀቱ ግርጌ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች የተጠቀሙባቸውን ኮዶች ዘርዝረዋል። ሁለተኛው የእሱ ነው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

በኦሎምፒኩ ዓመትና ከዚያ በፊት በነበረው፣ በሙቀቱ ወራት፣ መንግሥት የአገሩን ሰዓት ሁሉ አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍቶት ነበር። ዎንሺክ ራሱ ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ እያንቀላፉበት ሲራገም ነው የከረመው። ኮዱን ሲጽፍ ግን ረሳው። የኮከብ ቆጣሪው ፕሮግራም አልረሳም፤ የእነዚያን ወራት ሰዓት ሲያገኝ የተገፋችውን አንድ ሰዓት ይቀንሳል። ዎንሺክ ያልገፋውን ሰዓት እንደተገፋ ቆጥሮ አንድ ሰዓት ቀነሰለትና ሶራን ከጥንቸል ወደ ነብር አወረዳት።

የሚያንገበግበው ደግሞ ስህተቱ አስቀድሞ ተነግሮት መሆኑ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የማያውቀው ሰው «ጌታዬ፣ ሰዓት የተገፋባቸው ሁለት ዓመታት ተዘልለዋል» ብሎ ጽፎለት፣ እሱ «ሰላሳ ዓመት ያለፋትን ፀሐይ ማን ይጠይቃል?» ብሎ ዘጋው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ።

እርማቱ አራት መስመር ነው፤ ከቁርስ በፊት ጨረሰው። ለፕሮግራሙ ባለቤቶች ጻፈ፤ ዝም አሉ። ደግሞ ጻፈ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ መጣ፤ ሌላ ቃል የለበትም። በነጻ የሰጠ ሰው ማንን ያዛል?

ስለዚህ ከረባቱን አሰረ፣ አንድ ካርቶን ፖም ያዘ፣ የኢንሱ እናት ቤት ሄደ። ወረቀቱን ዘርግቶ ሰዓቱ እንዴት እንደተገፋ፣ የት ላይ እንደተዘለለ ለተማሪ እንደሚያስረዳ አስረዳት። ሳታቋርጠው አዳመጠች።

«የሶራ አባት፣ ኮዱን የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስህተቱን ያገኘውስ?»

«እኔው።»

«አይቀየሙኝ፤ ልጅዎን እወዳታለሁ» አለች። «ግን አባት ከቁርስ በፊት የሚያቃናው ዕድል ምን ዕድል ነው? እኔ ሳገባም እናቴ የልደቴን ሰዓት ትንሽ አቃንታ ነው የሰጠችው። ያመጣብኝን ያውቃሉ።» ለዘብ ብላ ጠየቀችው። «ያን ጠዋት ሰዓት ያየ ሰው አለ?»

«ሚስቴ አይታለች። ለአንድ አስር ጉዳይ ነበር።»

«እሱንማ ሶራ እየሳቀች ነግራኛለች። በምጥ ዓይን ነው ያየሽው ይሏት ነበር አሉ። እርስዎ ያላመኗትን እኔ እንዴት ልመን?»

ኢንሱ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ የፖሙን ካርቶን ያያል። ዎንሺክ ተነስቶ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ቤት እንደገባ ኮዱን ከፈተ። ከመፈተኛዎቹ የመጀመሪያው ላይ የሶራ ልደት አለ፤ ከፊት ለፊቱ አሁንም የራሱ የድሮ መልስ፣ ለአስራ ሁለት አስር ጉዳይ፣ ተጽፏል። አጠፋውና ለአንድ አስር ጉዳይ ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ትክክል ነው አለ።

ሶራ ከኋላው ቆማ ነበር።

«እናትሽ ልክ ነበረች» አላት።

«አየሁት፣ አባዬ።»

ሶራ ትከሻውን ነካ አድርጋው፣ ለአዳራሹ ሰዎች ደውላ የሠርጉን ቀጠሮ ልትሰርዝ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።