ተረቱ የተቋረጠበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ጉለሌ ከእንጦጦ ግርጌ በነበረችው ቤታችን የባሕር ዛፍ ፍም ከበን ስንቀመጥ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ደምሴ ተረት ያወሩልን ነበር። ሥራቸው ከብት ማረድ ነው። የበግ ጭንቅላት በፈለጡ ቁጥር እኔንና ታናሽ ወንድሜን ታደሰን ጠርተው ውስጡን ያሳዩናል። ከአጥንቱ ሥር እንደ ብራና የጠነከረ ሽፋን አለ፤ ከሱ ሥር እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ፣ ከዚያ አንጎሉ ላይ የተለጠፈ ሌላ ስስ ሽፋን፣ በመካከሉ ደግሞ ውሃ። ከኋላ ትንሿ አንጎል ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ወደ አከርካሪ የሚወርድ ግንድ አለ። «የሰውም እንዲሁ ነው» ይሉናል። እኔ ግን አላምናቸውም ነበር። የሰውን የት አይተው ነው?

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ዛፍ ሲቆረጥ ቅርንጫፍ ወድቆ የታደሰን ጆሮ ግንድ መታው። ለጥቂት ጊዜ ራሱን ሳተ፤ ከዚያ ተነሥቶ ሳቀ። ደም የለም። እናቴ ተመስገን አለች። የጋሽ ደምሴ ፊት ብቻ አልተፈታም።

«ይተኛ እንጂ፣ ደክሞታል» አለች እናቴ።

«አይተኛም። ና አንተ፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉት ጋሽ ደምሴ ታደሰን።

የጦጣዋንና የጅቡን ተረት ጀመሩ። ያኔ ነገሩ አላማረኝም። ጋሽ ደምሴ ሲያወሩ የሚያቋርጣቸውን አይወዱም፤ ያን ምሽት ግን ራሳቸው በየመሃሉ እያቆሙ ታደሰን ይጠይቁት ጀመር። ጦጣዋ ስንት ልጆች ነበሯት? ጅቡ በየት በኩል ሄደ? ኩራዙን ወደ ዓይኑ አስጠግተው ያዩታል፣ መልሰው ያርቁታል። ያዳሉ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ እኔንስ ለምን አይጠይቁኝም?»

«አንተን ማን መታህ? ዝም ብለህ ስማ።»

ታደሰ ያን ተረት በቃሉ ያውቀዋል፤ አንዲት ቃል ቢስቱ የሚያርማቸው እሱ ነበር።

«ጦጣዋ ስንት ልጆች ነበሯት?» አሉት ለሦስተኛ ጊዜ።

«የቷ ጦጣ?» አለ።

ጋሽ ደምሴ ተረቱን እዚያው ጥለው ተነሡ። አባቴ «አሁን ሲያወራ አልነበር እንዴ?» አላቸው። ታደሰን በጋቢ አዝለው ወደ አስፋልቱ ወረዱ። አባቴና እኔ ተከተልናቸው። መንገድ ላይ ታደሰን አስመለሰው። ታክሲ ስናገኝ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ነበር።

ሐኪሙ በአጥንቱና በጠንካራው ሽፋን መካከል ደም ተጠራቅሞ አንጎሉን እየተጫነው ነው አለ። የራስ ቅሉን በስቶ ደሙን አወጣው። ታደሰ ዳነ።

ቆይቶ እናቴ እንደነገረችኝ፣ የጋሽ ደምሴን የበኩር ልጅ በሬ ራሱን መትቶት ነበር። እየሳቀ ራቱን በልቶ ተኛ፤ አልነቃም። እሳቸው ይህን ለእኛ አንድም ቀን አላወሩትም።

እኔ ዛሬ ሸጎሌ ዳር ድንችና ጎመን አመርታለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ወሬም አላበዛም። በዚህ ክረምት ልጄ ሰላም ከደረጃ ወድቃ ራሷን ተመታች። ጤና ጣቢያ አይተዋት፣ ቤት ሆናችሁ ተከታተሏት አሉን። አጠገቧ ተቀምጬ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ተረት ጀመርኩ። ትክ ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ምን ደብቀኸኝ ነው? ልሞት ነው እንዴ?»

ደህና አደረች። እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ጋሽ ደምሴ በደህናው ቀን ሁሉ ያወሩልን ስለነበር ታደሰ ያን ምሽት አልፈራም። እኔ በደህናው ቀን ዝም ብዬ ነው የኖርኩት።