ለሽሻይ የተለሰነ ግድግዳ

ዘቢብ በ1977ቱ ረሃብ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ድንበር ስትሻገር የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሱዳን ውስጥ በኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ኖረች፤ ባሏንም ሁለት ልጆቿንም እዚያው ቀበረች። ብዙ የሚመሰገን ጠባይ አልነበራትም፤ ምላሷ ስለታም፣ ልቧም ቂመኛ ነበር። አንድ ነገር ግን ሊነፈጋት አይገባም፦ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ቤቷን በገዛ እጇ ታሳምር ነበር።

ዘንድሮ ማሳመሩ ሌላ ትርጉም ነበረው። የቀራት አንድ ልጅ ሽሻይ በግንቦት ለቀን ሥራ ወደ ኒው ሀልፋ ሲሄድ፣ «ዩማ፣ ለመስቀል እመጣለሁ» ብሏት ነበር፤ ሱዳን ያደጉ ልጆች እናታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ከሐምሌ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። በልማዱ ደግሞ ሐዘን የገባበት ቤት ለበዓል አይለሰንም። ስለዚህ ዘቢብ ጭቃ ባቦካች ቁጥር «ልጄ በሕይወት አለ» ማለቷ ነበር፤ እጇን ከጭቃው ብታነሣ ሞቱን መቀበሏ ይሆናል።

ገንዘብ አልነበራትም። ከቦዩ ዳር ቀይ አፈር ቆፍራ፣ ከእበትና ከሰሊጥ ገለባ ጋር አቡክታ፣ ዝናብ የሰነጠቀውን ግድግዳ መረገች። ከእርዳታ ጆንያ ክር መዝዛ የማሽላ አገዳ ቁርጥራጭ እየሰካችበት የበር መጋረጃ ሠራች። የልብስ ማጠቢያ ሰማያዊ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ በመስኮቱ ዙሪያ በአውራ ጣቷ ነጥብ በነጥብ አተመች። ከሜዳ ቢጫ አበባ ለቅማ በዘይት ጣሳ አኖረች፤ በሦስተኛው ቀን ሲጠወልግ ሄዳ ሌላ ለቀመች።

ጎረቤቷ ኣኽበረት በንፉግነት የታወቀች ሴት ናት፤ ወንፊት ስታውስ እንኳ እስኪመለስላት በራፍ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ቤቱን ልትድሪው ነው እንዴ?» አለቻት ከአጥር ማዶ። «ሚዜ ካነሰሽ እኔ አለሁ።»

«አንቺን ሚዜ ያደረገ ሙሽራ ዕድሜውን ሙሉ ይጾማል። ይልቅ ያንን ጂር ስጪኝ።»

ጂር የሚሉት ኣኽበረት ለራሷ ግድግዳ የገዛችውን ነጭ ኖራ ነው።

«በሕልምሽ!»

ሁለቱም ሳቁ።

መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው ከኒው ሀልፋ የመጣ አንድ ሰው በቅርቧ ከተማ በሾዋክ ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ መጠለያው ገባ፤ በቀጥታም ወደ መጠለያው ሽማግሌ ወደ አባ ገብረሚካኤል ቤት ሄደ። ሽሻይ በነሐሴ በወባ ሞቶ እዚያው ኒው ሀልፋ መቀበሩን ነገራቸው። ሽማግሌው የዘቢብን ጎረቤቶች ሰበሰቡ። «በዓሉ ይለፍላት፤ መርዶውን በመስቀል ማግስት ማለዳ እንነግራታለን» አሉ። የተቃወመ አልነበረም።

በማግስቱ ኣኽበረት ጂሩን ከነባልዲው ተሸክማ መጣች።

«እንኪ» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

«ስንቱን?»

«ሁሉንም። ብሩሹም ይኸው።»

«መቼ ልመልስልሽ?»

«ምን መመለስ አለው፣ እኅቴ።»

ሃያ ዓመት ሲጎራበቱ ኣኽበረት እኅቴ ብላት አታውቅም። ዘቢብ ባልዲውን አየች፤ ቀጥሎም የሰጪዋን ፊት።

«ሽሻይን የት ቀበሩት?» አለች።

ኣኽበረት የነጠላዋን ጫፍ በአፏ ላይ ጫነች። «ትናንት ነው የሰማነው፤ ከመስቀል በኋላ ልንነግርሽ ነበር» አለች።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ይህ ግን አያነጻቸውም። ልጇ ለመሞቱ እርግጠኛ ሆነው ሳለ እናቲቱ የሐዘን ቤቷን ስታስጌጥ እያዩ ዝም አሉ። ርኅራኄ ያሉት የገዛ ፍርሃታቸውን ነበር፤ በዓሉን መከታ አደረጉት።

ዘቢብ ለማጠናቀቂያ ካቦካችው ጭቃ በመዳፏ እየዛቀች ሰማያዊዎቹን ነጥቦች አንድ በአንድ ትደፍን ጀመር። ኣኽበረት እጇን ልትይዝ ሞከረች።

«ተይኝ! የምትይዢኝ ትናንት ነበር።»

ወሬው ደርሷቸው አባ ገብረሚካኤል ሰዎች አስከትለው ሲመጡ የመስኮቱ ዙሪያ ተጋምሶ ነበር። ዘቢብ ዘወር ሳትል፣ «አባ፣ ምን አስቸኮላችሁ? መስቀል አላለፈም እኮ» አለቻቸው።

 ተከትለው የመጡት ሴቶች ማልቀስ ሲጀምሩም እርሷ መምረጓን ቀጠለች። በመጨረሻ ጭቃው አለቀ፤ ከመስኮቱ ሥር ሦስት ነጥቦች ቀሩ። ዘቢብ በመዳፏ ሸፈነቻቸውና ግድግዳውን ተደግፋ እዚያው ቁጭ አለች።