በትሩ ከሰመጠ ገና ነው

ታላቅ ወንድሜ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አምባሰል ተራራን ለመውጣት ወር ቆጥሮ አያውቅም። ከግርጌው ቆሞ መሬቱን በበትሩ ይወጋል፤ ከሰመጠ «ገና ነው» ይላል።

አንድ መስከረም የልጅ ልጆቼ ለእረፍት መጥተው፣ «አበባው ሳይረግፍ እንውጣ» አሉት።

«አበባውን ከታች እዩት፤ ጭቃው እንግዳ አያከብርም።»

«ፈሩ እንዴ አባባ?» አለች ትንሿ።

«የፈራሁትስ ላንቺ እግር ነው፤ እኔንማ ተራራው ያውቀኛል!»

ኅዳር ላይ ጠርቷቸው፣ ከፊት እየመራ አወጣቸው፤ የሐይቅንና የአርዲቦን ውሃ ቁልቁል አሳያቸው። ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ በወንድሜ ኮርቼ ግን አልጠገብኩም።

ዘንድሮ «መቼ እንምጣ?» ብለው ለእኔ ደወሉልኝ። የወንድሜን በትር ይዤ ከተራራው ግርጌ ሄድኩ። ያርፍበት የነበረው ድንጋይ ባዶውን ነው። መሬቱን ወጋሁት፤ በትሩ ሰመጠ።

ደውዬ «ገና ነው» አልኳቸው። ማንም አልተከራከረኝም።