የዘንዶው ሳጥን ቀዳዳዎች

ባለቤቴ መምህር ነበር። ከደሴ ተዛውረን አሰብ ስንገባ ሦስት ልጆች ነበሩን፤ የመጨረሻዋ ገና ጡት አልጣለችም። የመጀመሪያው ዓመት በጣም ከበደው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ይቀመጥና እስኪመሽ ከማንም ጋር አይነጋገርም። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ሙቀቱ ነው» ይለኛል። ሙቀቱ ለእኔም ነበር። ሙቀቱ ብቻ እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከአዋሽ በኩል ትንሽ ዘንዶ በጆንያ አመጣለት። ለተማሪዎቹ ሊያሳያቸው ፈልጎ ነው። ያን ቀን እየሳቀ ወደ ቤት ገባ። አሰብ ከመጣን ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ስለነበር «አውጣልኝ» ልል የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁት።

የነፍስ አባቴን ግን ጠየቅሁ።

«አባቴ፣ ስዕለ ማርያም ባለችበት ቤት እባብ ገብቷል። ምን ላድርግ?»

«ሳጥኑ ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

«እንግዲያው አንቺ ጸልዪ፤ እሱ ዝም ይበል።»

ሳጥኑ የመኮሮኒ መያዣ የነበረ እንጨት ነው። ባለቤቴ በባሕሩ በኩል ከታች አራት፣ በማዶው በኩል ከላይ አራት ቀዳዳ በሳው። ክዳኑን መስተዋት አደረገው። ውስጡ አሸዋ፣ የውሃ ጣሳና በአንድ ጥግ እርጥብ ጆንያ ነበረ።

ክረምቱን ለመምህራን ኮርስ አዲስ አበባ ተጠራ። ሊሄድ ሲል ሳጥኑ አጠገብ አቆመኝ።

«ከደረቀበት ቆዳው በደንብ አይገፈፍለትም፣ ዓይኑ ላይ ይቀራል። ከረጠበበትና ከታፈነ ደረቱን ያመዋል። ጆንያውን አርጥቢ፣ ቀዳዳዎቹን አትንኪ። አደራ።»

«ልጆቹንስ?»

«ልጆቹንማ ታውቂበታለሽ።»

ምንም ነገር ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው ነው። ተመልሶ ሲመጣ ዘንዶው ሞቶ ቢያገኘው ያ ሳቅ አብሮ እንደሚሞት ተሰማኝ። ፈራሁ።

በሐምሌ አጋማሽ አቧራ ያዘለው ትኩስ ነፋስ ተነሣ። እኔ ያደግሁት በርና መስኮት ፊት ለፊት በማይከፈትበት ቤት ነው። እናቴ ከነብር ይልቅ ነፋስ ትፈራ ነበር። መስኮቶቹን ዘጋሁ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፍኩ። ከዚያ ሳጥኑን አየሁት። ቀዳዳዎቹ ከዚህም ከዚያም ክፍት ናቸው። «አትንኪ» ያለኝ ይህ ነፋስ ሳይነሣ ነው፤ አደራ የተቀበልኩትን ነገር ነፋስ ሊመታብኝ ነው ብዬ አሮጌ ነጠላ ቀድጄ ስምንቱንም ደፈንኩ። ደረቅ እንዳይሆንበት ሌላ እርጥብ ጆንያ ጨመርኩ። ከታዘዝኩት በላይ አደረግሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን መስተዋቱ ከውስጥ አላበው። ክዳኑን ሳነሣ የሻጋታ ሽታ ወጣ። ዘንዶው አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ አፉን ከፍቷል፤ በአፉ ጠርዝ አረፋ አለ። ሲተነፍስ ያፏጫል።

ትልቋ ልጄ ጎንበስ ብላ አየችው። «እማዬ፣ ጉንፋን ይዞታል።»

«ዝም በይ።»

«እኔን ሲይዘኝ ዳማከሴ ታሺልኛለሽ። እሱን ምኑን ታሺዋለሽ?»

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። መጨረሻው ላይ «ዘንዶው እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

የረዳችኝ ሰሌን የምትሸጥ፣ በይሉል ከሚባለው የአፋር መንደር የምትመጣ ሴት ናት። በየሳምንቱ ከደጃችን ጥላ ሥር ታርፋለች። አንድ ቀን ውሃ አቅርቤላት ሳጥኑን ደጃፉ ላይ ስጠርግ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወላሂ፣ ልጅ አነሰሽና እባብ ታጥቢያለሽ!»

«የባለቤቴ ነው።»

«ባልሽስ?»

«አዲስ አበባ።»

«እሱ ወደ ብርዱ ሄደ፣ አንቺን ከእባቡ ጋር ተወሽ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀረብ ብላ ጨርቁን በጣቷ ነካችው። «ይሄን ማነው የወተፈው?»

«እኔ ነኝ። ነፋስ እንዳይመታው።»

«እኛን ነፋስ ባይመታን ሞተን ነበር።»

የሰሌን ጎጇቸውን እንዴት እንደሚያደርጉት በእጇ አሳየችኝ። በባሕሩ በኩል ሰሌኑን ከሥሩ ይጠቀልሉታል፣ በማዶው በኩል ከላይ ይከፍቱታል። የታችኛው ያስገባል፣ የላይኛው ያስወጣል። ባለቤቴ የበሳውም ልክ እንደዚያ ነበር። ሳላውቅ አፈንኩት።

«እኔ ብሆን ራሱን በድንጋይ ነው» አለች ስትነሣ። «ግን አደራ ነው ካልሽ፣ ይተንፍስ።»

ጨርቆቹን ነቀልኩ። የሻገተውን አሸዋ አውጥቼ ደረቅ አደረግሁለት። የቤቱንም መስኮት ከፈትኩ፤ የትንሿ ልጄ የሙቀት ሽፍታ ከዚያ ወዲህ ቀለላት።

እርጥበቱን የምለካበት ግን አልነበረኝም። ወጥ ቤት ያለው ጨው ጠዋት ጠዋት ውሃ እንደሚያወጣ፣ ያ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ እንደ አሸዋ እንደሚደርቅ አየሁ። በቆርቆሮ ክዳን ቁንጥር ጨው አድርጌ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጨውን ሲያልበው ጆንያውን አወጣለሁ፣ ሲደርቅ አርጥቤ እመልሳለሁ። በቀን አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ትንሿን አጥብቼ እነሣለሁ፣ ጨው አያለሁ። እንጀራ ጋግሬ እነሣለሁ፣ ጨው አያለሁ። ወገቤ ሳይቃና ይመሻል።

ፍልሰታ ገባ። ዘንዶው በሽታው ከያዘው ወዲህ አይጥ ቢሰጡት ፊቱን ያዞራል። ልጄ «እሱም ከአንቺ ጋር ይጾማል» ትላለች። ሳቅሁ። በጸሎቴ ለልጆቼ፣ ለባለቤቴ ብዬ ስጨርስ «እሱንም» እላለሁ። ስሙን በእመቤታችን ፊት ለመጥራት አፍር ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ሰሞን ፉጨቱ ጠፋ። ወዲያው ደግሞ ዓይኑ ወተት መሰለ። ቆዳው ሊገፈፍ ነው፤ አንዱ ጭንቀት ሲያልቅ ሌላው መጣ። ጆንያውን በጥጉ ብቻ አረጥባለሁ፣ ቀዳዳዎቹን በዓይኔ እቆጥራለሁ። ስምንት ቀን እንዲህ ቆየን።

በዘጠነኛው ጠዋት ቆዳው አሸዋው ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት፤ ከራስ እስከ ጭራ አልተቆረጠም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እባብ የነካውን ነገር በእጄ ይዤ ወደ ብርሃን ወጣሁ። የዓይኖቹን ቦታ ፈለግሁ። ሁለቱም ክብ ሽፋኖች ቆዳው ላይ አሉ። ዘንዶው ላይ የቀረ የለም። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ በጳጉሜን መጣ። ሁለቱን ትልልቆቹን አቅፎ እንደያዘ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ዘንዶው አንገቱን አነሣ። እሱም እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን ሳቀ። ያኔ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጨርቁን፣ አረፋውን፣ የጻፍኩትን ውሸት።

«ለምን አልጻፍሽልኝም?»

«ምን ታደርግ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እንቅልፍ አጣ ነበር!»

«ለዚያ ነው።»

ከዚያ ትንሿን ከእጄ ተቀበለኝ። «ሂጂ ተኚ» አለኝ።

ቀትር ነበር። የሚጋገር ነበረኝ፣ የሚታጠብ ነበረኝ። ሄጄ ተኛሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከ ማታ ማንም አልቀሰቀሰኝም።